እናትሽ ለታዘበው የዘመረችው

ሞጣ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማስተዋል፤ ብቸና

እንዴት ነሽ? ባልሽና ልጆቹስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር። ስልኬ ስለተበላሸ ይህን ጻፍኩ። ለሰው አላስጻፍኩም፤ መስመሩ ቢንጋደድም የራሴ እጅ ነው።

እናትሽ ከማረፏ በፊት ቤት ድረስ እየመጣ መርፌ ይወጋት የነበረው ነርስ፣ ያ የሮብ ገበያው ልጅ ታዘበው፣ አሁን የቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር መሪ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ እኔን ሳይጠይቁ ሾሙት። ሠላሳ አንድ ዓመት የእሑዱን መዝሙር የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ያለ ወረቀት። እሱ ኪቦርድ ይነካካል። ሴቶቹ ድምፁ ማር ነው ይላሉ። እኔ ምንም ማር አልሰማሁበትም።

እሑድ አልቻልኩም። ሁለተኛውን መዝሙር ሊጀምር ሲል ከወንበሬ ተነሥቼ የእናትሽን መዝሙር አነሣሁ፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ያወጣችውን። ማን እንደሚከተለኝ ለማየት ነበር። ጎረቤታችን ፈንታነሽ ብቻ ተቀበለችኝ። ከዚያ ልጁ ኪቦርዱን ትቶ ራሱ ተቀበለኝ፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ለእኔ እንዳይመስልሽ፤ እሱ እሺ ስላለ ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቃሉ ጠፋኝ። ጉሮሮዬን አቧራ ያዘኝ ብያቸዋለሁ። ታዘበው ግን ሳይንተባተብ ቀጠለ፤ አራተኛም ጨመረ። ልጄ፣ አራተኛ እንዳለው እኔ አላውቅም ነበር። ከንዴቴ የተነሣ ቃሉንም አልያዝኩት።

በር ላይ ጠብቄ ከየት አመጣኸው አልኩት።

"እማማ ወይንእሸት ናቸው፣ አባባ። መርፌው ሲያማቸው ይዘምሩ ነበር። በስልኬ ቀድቼዋለሁ። እርስዎ ያን ሰዓት ውጭ ነበሩ።"

ውጭ ነበርኩ። መርፌ ሲገባባት ማየት ስለማልወድ እንጨት እፈልጥ ነበር። በዚያ በመጨረሻው ወሯ ለእኔ አንድ ቀን አልዘመረችልኝም። ዘምሪልኝ ስላት ትንፋሽ የለኝም ትለኝ ነበር። ለሰው ልጅ ትንፋሹን ከየት አመጣችው? ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም ያዢው።

"ይምጡና ይስሙት፤ ከወደዱም የእሑዱን አብረን እንምረጥ" አለኝ። ከልጅ ጋር ለምርጫ አልቀመጥም ብዬው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹም ዳግመኛ በመሪው ላይ መዝሙር ባነሣ ከኋላ እንደሚያስቀምጡኝ ልከውብኛል። ያስቀምጡኝ።

ነገ ግን ቤቱ ልሄድ ነው። ለምርጫው አይደለም። ልጁ ዜማውን አበላሽቶት እንደሆነ ከእናትሽ ድምፅ ጋር ላስተያየው ነው። አንዴ ብሰማው ይበቃኛል። ሁለቴም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅልኝ፣ ልጆችሽን እያየሽ ያሳድግልሽ። አንቺም አራተኛውን የምታውቂው ከሆነ አትንገሪኝ።

አባትሽ ይስማው