የጥምቀቱ ቪዲዮ ሲጠራ

ይድረስ ለወንድሜ ለደግሰው። የላስታ ብርድ ቢጠናብንም ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተስ አዲስ አበባ እንዴት ሰነበትክ?

እኔ ከተመረቅሁ ወዲህ ሥራ እስካገኝ ያንን ብናኝ የሞላበት የድሮ የጥምቀት ቪዲዮ በኮምፒውተር ኮድ እያጠራሁ ነው። ማጣሪያውን ሳጠብቀው ፊት ሁሉ ሰም መሰለ። ሳላላው ግን ነፋስ የደብራችንን መስቀል ልብስ ሲገልጠው ከመስቀሉ ጀርባ የተቀረጸ መልአክ ታየኝ። ማጣሪያ ያለውን ያጠፋል እንጂ የሌለውን አይቀርጽም። አንተ እጀታውን አስጠግነህ ባመጣኸው መስቀል ጀርባ መልአክ የለም። አንጥረኛው ሲወለውለው ፍቆት ይሆን?

የደብሩ ዕቃ ተጠያቂ አባባ ናቸው፤ ቪዲዮውን ለበዓሉ ለሕዝቡ ሊያሳዩ ቸኩለዋል። «አንቺ፣ ጠላ እንኳ በዚህ ጊዜ ይጠራል!» አሉኝ። «ገና ነው» አልኳቸው።

ከጥምቀት በፊት አንጥረኛውን ይዘህ ብቅ በል። እስከዚያው አምላክ በሰላም ያቆይህ።

እህትህ ጽጌማርያም