የተርቦ ፋልከኑ ቁልፍ

ላራ፣ እሑድ ጁን 16 ቀን 2019

የምወድህ ልጄ ሮዋን፣

ማክሰኞ ዕለት የአባትህ መንጃ ፈቃድ ታገደ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስንነጋገር ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው።

ጧት ስነሳ ከጎኔ የለም። የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ ሳንድዊቹን ራሱ ጠቅልሎ፣ መኪናውን፣ ተርቦ ፋልከኑን፣ አስነስቶ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲፈትሽበት ወደኖረው ፋብሪካ ሄዷል። ፋብሪካው ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ጥሩንባ ሲነፋ ዘበኛው ወጣ። የድሮ ባልደረባው የዋረን ልጅ ነው፤ ኋላ ደውሎ የነገረኝም እሱ ነው።

«ኮሊን፣ ምን ሆነሃል? ፋብሪካው እኮ ተዘግቷል!»

«ታዲያ አንተ ምን ትጠብቃለህ?»

ልጁ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ።

ሲመለስ አውራ ጎዳናው ላይ ፖሊስ አስቆመችው። በሰዓት መቶ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር። ያቺን መኪና ታውቃታለህ፤ ሲያዩዋት ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ጨዋ የቤተሰብ መኪና ናት፤ እግር ጫን ሲደረግባት ግን ሌላ ናት። ፖሊሷ ጎረምሳ ጠብቃ ስትጠጋ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ አገኘች።

«ምን አስቸኮለዎት?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ተርቦው ሲያፏጭ ሳልሰማ ይህን ሞተር አላሳልፍም።»

አድራሻውን ስትጠይቀው አንተ የተወለድክበትን ቤት ነገራት። ጥሩ ልጅ ናት፤ የአሁኑን ቤታችንን አፈላልጋ እሱንም መኪናውንም አደረሰች። ሐኪም ሳያየው እንዳይነዳ ብላ ቁልፉን እንድቀበለው ነገረችኝ። እሱ ግን ሸሚዝ ኪሱ ከተተው፤ ሲተኛም አያወጣውም። እንቅልፍ ሲወስደው ላወጣው እችላለሁ። እጄ እምቢ አለኝ። በማግስቱም ጋራዥ ገብቶ መኪናውን ሲያስነሳ ደርሼ አስቆምኩት። የጎረቤቶቻችን ልጆች እዚያው መንገድ ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር።

«ኮል፣ ለእኔ ስጠኝ» አልኩት።

«ለሮዋን ነው የምሰጠው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ።»

እሺ አልኩት።

ማዕድን ማውጫው ፈረቃህን እንዲህ በቀላሉ እንደማይለውጥልህ አውቃለሁ። ና አላልኩህም። የድሮ ክፍልህን ግን አናፍሼ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ።

ከምድር በታች ስትወርድ አምላክ አብሮህ ይውረድ፤ በሰላምም ያውጣህ። ልጆቹን ሳምልኝ።

እናትህ ግሌኒስ

ሐኪሙ ሐሙስ፣ ጁን 20 ያየዋል። እስከዚያ የእኔን ትንሿን መኪና ጋራዡ በር ላይ አስጠግቼ አቁሜያታለሁ።