በሐምሌ የተቀረጸ የገና ይቅርታ

ግሌን፣ እንዴት ነህ?

የቀድሞ ሚስትህ ፊልም ላይ ልትወጣ ነው! ኮከብ ሆነች ብለህ እንዳትደነግጥ፤ ከተዋናዮቹ ጀርባ የምታልፍ ሴት ነኝ። ታሪኩ የገና መልአክ የተፋቱትን ስታስታርቅ ነው። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት የሱፍ ካፖርት ለብሼ፣ ከሳሙና አረፋ በተሠራ በረዶ ላይ እንደ ቅቤ እቀልጣለሁ። እኛ ሰድበሪ ከተማ አብረን ስንኖር እውነተኛው በረዶ እስከ ጉልበት ነበረን፤ ይቅርታ ነው የጠፋው።

ሥራችን ድምፅ ሳናወጣ የምናወራ መምሰል ነው። አጠገቤ ለቆመው ሽማግሌ ሰባት ጊዜ በከንፈሬ ብቻ «ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። በስምንተኛው ድምፄ አመለጠኝ።

«እማማ፣ ማን ይናገሩ አልዎት?» ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸ።

ሽማግሌው ግን፣ «ግድ የለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ውሻውን ሳምልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ዘጠነኛውን ላንተ አስቀምጬዋለሁ።

ዶሪን