በስክሪፕቱ ውስጥ የተጻፈው የእማዬ ስም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለዘሥላሴ፤

እንዴት ሰነበትህ? ጤናህስ? የናይሮቢ ዝናብ አመጣብኝ ያልኸው ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? እኔ ከብርዱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን በስልክ መናገር ስለፈራሁ ወደዚያ በሚመጣው ጓደኛህ በተስፋሚካኤል እጅ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ ደብረ ብርሃን ሳለህ የሠራኸው ስክሪፕት ነው፤ የላቦራቶሪያችንን ውጤት በየቀኑ ሰው ሳይነካው ወደ አዲስ አበባ የሚልከው። ወደ አዲስ አበባው ሰርቨር የሚያስገባውን የኮምፒውተር ቁልፍ የሚከፍተውን የይለፍ ቃል እዚያው ውስጥ ጽፈኸው ሄደሃል። ማሽኑ ብቻውን እንዲከፍት ብለህ ነው፣ ይገባኛል። ግን በር ቆልፎ ቁልፉን መቃኑ ላይ መስቀል ምን የሚሉት ጉብዝና ነው? ቃሉን ሳየው ደግሞ ክው አልሁ። የእማዬ የክርስትና ስም ነው! ድግምት ፈርታ ለጎረቤት እንኳ የማትነግረው፣ ከቄስ በቀር ማንም የማይጠራት ስም። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

የሥራ ባልደረባዬ ገብረአብ፣ ክፋት እንኳ የለበትም፣ ይማሩበት ብሎ ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ከነቁልፉ ለሠልጣኞች ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። እሁድ በቅዳሴ ሰዓት አንድ የማናውቀው ሰው በእኛ ቁልፍ ገብቶ የሕሙማኑን የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ከነስማቸው ወስዷል። የሰፈራችን ሰዎችም አሉበት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሮጌውን ቁልፍ አሰረዝሁ። የአዲሱን ቃል የትም አልጻፍሁትም፤ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር በእጄ አስገባለታለሁ፣ እስኪጠፋ ድረስ ይይዘዋል። መብራት በሄደ ቁጥር መሮጥ ነው፤ ይሁን። ግን የጫጫንና የአረርቲን ላቦራቶሪዎች ስክሪፕትም የሠራኸው አንተ ነህ። በዚያው ቁልፍ፣ በዚያው ስም ነው ወይ? ቶሎ ንገረኝ።

ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው። ስክሪፕቱ ሲበላሽ መልእክት እንዲደርስህ የድሮ ቁጥርህን ጽፈህበታል። ሲሙን ደግሞ ለእማዬ ትተህላት ሄደሃል። ማክሰኞ አንድ የማታውቀው ወንድ ደውሎ በክርስትና ስሟ ጠራት። አቤት አለች። ምንም ሳይላት ዘጋው።

ትናንት አንኮበር ስደርስ የንስሐ አባቷን አስጠርታ፣ መግነዟን አስገዝታ አገኘኋት። በዚያ ስም የምጠራው ስቆርብና ለፍትሐቴ ነው፣ ጊዜዬ ደርሷል ትላለች። የኮምፒውተር ነገር ነው ብዬ ባስረዳት፣ ታዲያ ስሜን ማን አወጣው አለችኝ። አፈርሁብህ፤ አዘንሁልህም።

ባለቤትህን አልታየችን ሳምልኝ። የልጅህን የክርስትና ስም አደራ የትም እንዳትጽፍ። አክስታችን ባፈና ሰላም ብላሃለች፤ አሁን ከእማዬ ጋር የምታድረው እሷ ናት። እማዬም ሰላም ብላሃለች። በዚያ ቁጥር ግን እንዳትደውል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች።

እህትህ ማኅደረማርያም
አንኮበር፣ ጥር ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.