ሜዳው መሃል ሳልደርስ

ውድ እትዬ ወርቅውሃ፣

ልጄ ሀሴት ትናንት ከአማርኛ ትምህርቷ መጥታ «ሜዳ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጥ ያለ መሬት አልኳት። «ላይክ አን ኦቫል?» አለችኝ፤ የሰፈራችንን የኳስ መጫወቻ ማለቷ ነው። አዎ ብዬ ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንቺ ፊቴ ተደቅነሽ አልሄድ አልሽኝ።

አባባ ያን ቃል እንዴት ይጠቀምበት እንደነበር ታውቂያለሽ። ሰው ሲጣላ «ታረቁ» አይልም፤ «ሜዳ ላይ ተገናኙ» ነበር የሚለው። አንዱ ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ ጫፍ ተነስቶ መሃል ላይ ይገናኛል። ቤት ውስጥ ከሆነ አንዱ ባለቤት፣ አንዱ እንግዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። መደበቂያም የለው። የተቀየምሽውን ሰው ከሩቅ እያየሽው ነው የምትራመጂው።

እኔ የእማማን ሞት በቴክስት ነገርኩሽ። አጎታችን ሲደውልልኝ «እሷን በወጉ አርዳት» ብሎኝ ነበር። ዘመድ ሰብስቤ፣ ማለዳ በርሽን አንኳኩቼ፣ አቅፌሽ መንገር ነበረብኝ። ሥራ በዛብኝ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ፊትሽን ማየት ፈራሁ። አንቺም ሥራ ላይ፣ ዌርሃውስ መጋዘኑ ውስጥ፣ በካርቶን መሃል ቆመሽ፣ ብቻሽን አነበብሽው። አፈርኩ፣ እትዬ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ክፉ ቃል አልተናገርሽኝም። ከወራት በኋላ «ቅዳሜ ከቤቴ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ እንገናኝ» አልሽኝ። በኋላ «የሥራ ሺፍት ሰጡኝ» ያልኩሽ ውሸት ነው። ትሩጋኒና፣ ሰፈርሽ ድረስ መጥቼ ነበር። መኪናዬን በወዲያኛው ጫፍ አቁሜ ወረድኩ። አንቺ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ፣ ያን የሚያምሽን ጉልበት ያዝ እያደረግሽ ትመጫለሽ። መሃሉ ጋ ስትደርሺ ቆመሽ፣ ማን እንደሆነ ለመለየት ዓይንሽን በእጅሽ ከፀሐይ ጋረድሽ። ያኔ ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ሄድኩ። ምናልባት አላየሽኝም። ምናልባትም አይተሽኝ ነው ዝም ያልሽው፤ እሱ ይብስብኛል።

ከእማማ ወዲህ እናቴም እህቴም አንቺው ነሽ። የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ። አባባ መሃል ላይ ተገናኙ ይል ነበር፤ አንቺ ግን የድርሻሽን ተራምደሻል። እባክሽ ከጓሮ በርሽ አትነሺ። ወንበር አውጥተሽ ተቀመጪና ስመጣ እዪኝ። ሜዳውን ሙሉ እኔ አቋርጠዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ሔኖክ፣ ከሴንት አልባንስ