አልደወልኩም

መጋቢት 4

የሙሽራዋ ቀሚስ ዛሬም ገበሩ አልገባም። ሐር እንደ ሳሙና ነው፣ ከእጅ ያመልጣል።

ላይ ቤት አዲስ ተከራይ ገባች። የሒሳብ መምህርት ናት አሉ፣ ብቻዋን። ዕቃዋ ግማሹ መጽሐፍ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ደረጃው ላይ ሲያማርሩ ዋሉ።

ሾፌሩ ሁለቴ ጠራኝ። አንዴ ውኃ፣ አንዴ ትራሱ ተንሸራቶ። ልጃችን ያመጣችው መጥሪያ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? እሱ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ሲጫን እኔ ሥራ ቤት ግድግዳው ላይ ደወሉ ይጮኻል። ገመድ የለው፣ ምን የለው። ስትሮኩ ግማሽ አካሉንና ድምፁን ካደከመበት ወዲህ፣ ከግቢው ማዶ፣ የስፌት መኪናዬ እየጮኸ... በምን ጆሮዬ እሰማው ነበር?

አውቶቡስ መንዳት ከተወ ቆየ። እኔ ግን ባለቤቴን ሾፌሩ ማለቴን አልተውኩም። እሱም ስሙን ይወደዋል።

መጋቢት 11

ከሰዓት ተደወለ፣ ሮጥኩ። ደግሞ ተደወለ፣ ደግሞ ሮጥኩ።

“ምን ሆንክ?”

“ም...ንም።”

“ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?”

“አል...ደወልኩም።”

ተኝቶ ሳያውቀው ተጭኖት ይሆናል።

መጋቢት 14

ዛሬም። ከምሳ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጠዋት የጠራኝ እንደሆነ የሚፈልገው ነገር አለ። ከሰዓት ግን ዓይን ዓይኔን እያየ “አልደወልኩም”።

የሙሽራዋ እናት መጥታ ነበር። ሴትዮዋን ከነሜትሬ ትቻት እየሮጥኩ ስመለስ፣ “የኔ እመቤት፣ ልጄ የምታገባው እኮ ዘንድሮ ነው” አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

መጋቢት 19

ልጃችን ጋ ስልክ ደወልኩ። “እማ፣ ባትሪውን ቀይሪው።” ከቀየርኩት ሰነበትኩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አባዬ... እንደሱ የታመሙ ሰዎች ጠርተው ይረሳሉ ይባላል። አንዳንዴም ሰው አጠገባቸው እንዲሆን ፈልገው...”

ይሄ ሰው? በሥራው ዘመን ሁሉ ክላክስ ነክቶ የማያውቅ ሰው? “ክላክስ የሚያበዛ መንገዱን የማያውቅ ነው” ይል ነበር። አሮጊት እስክትሻገር እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ተሳፋሪው ከኋላ እየተነጫነጨ።

ግን ሕመም ሰው ይለውጣል... ማን ያውቃል? ጭንቅላቱ እየከዳው ቢሆንስ? ይሄን ማሰብ አልፈልግም። የሚያናድደኝ ቢሆን ይሻለኛል።

መጋቢት 24

ልጽፈው ያሳፍረኛል። ልጻፈው።

ከሰዓቱን በሙሉ ደወሉ ሲጮህ ዋለ። በመጨረሻው ካውያውን ጨርቁ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ስመለስ የሙሽራዋ ገበር ተቃጥሏል። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ቆሽቴ አረረ። ተመልሼ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ጮኽኩበት።

“መምጣቴን ለማየት ነው አይደል የምትጠራኝ? ስሮጥ ማየት ነው የሚያስደስትህ?”

በደህናው እጁ ገመዱን ከአንገቱ ያወልቅ ጀመር። ጆሮው ላይ ተያዘበት። ቆሜ አየሁት እንጂ አላገዝኩትም። አውልቆ ዘረጋልኝ።

“ያ...ዢው።”

ተቀበልኩት። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ምን ዓይነት ሴት ነች ተቀብላ የምትሄድ?

መጋቢት 25

ከሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት መጥሪያውን ከኪሴ አውጥቼ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጥኩት። መሀል መሀል እየሄድኩ አየዋለሁ ብዬ ነበር። አንዴ ሄድኩ፤ ተኝቷል። ወይም ዓይኑን ጨፍኗል። አልጠየቅኩትም፣ ኩርፊያው አልበረደልኝም ነበር።

አዲስ ገበር እየቆረጥኩ ደወሉ ጮኸ።

መጥሪያው ዓይኔ ሥር ነው። ማንም አልነካውም። ደወሉ ግን ግድግዳው ላይ ይጮኻል...

ማን እንደደወለ አልገባኝም። እሱ እንዳልሆነ ግን ገባኝ። ያን ሁሉ ከሰዓት እሱ እንዳልነበረ። ይቅርታ ልለው ነው የሮጥኩት፤ ግቢውን ሳቋርጥ ቃል እየመረጥኩ ነበር።

መሬት ላይ ነበር። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሀል፣ አፉ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ። ሽንት ቤት ሊሄድ ብሎ፣ ብቻውን። ሱሪው ርሷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። እንዴት እንደገለበጥኩት አላውቅም። ጮኽኩ፣ ሰው መጣ፣ መኪና መጣ።

ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሙ “መተንፈስ አቅቷቸው ነበር፣ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ...” ብሎ ተወው።

ያ ደወል ባይጮህ ኖሮ እስከ ምሳ ዝር አልልም ነበር።

መጋቢት 29

ቀዶ ጥገናው ደህና ነው አሉ። ብረት ገብቶለታል።

ውኃ ስሰጠው “እግዜር ይስጥልኝ” ይለኛል። ትራሱን ሳቃናለት “እግዜር ይስጥልኝ”። ስንት ዘመን አብሮኝ ኖሮ፣ እንደ እንግዳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ አልኩት። “ይሁን” አለ፣ መስኮቱን እያየ።

ሚያዝያ 2

እሱን ልጃችን ስትጠብቅልኝ ደወሉንና መጥሪያውን ይዤ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኩት። ምንም ሳይፈታ ከመደርደሪያው ሌላ መጥሪያ አወጣና ተጫነ። የእኔ ደወል ጮኸ።

“እንዴት?”

“እትዬ፣ ይሄ ዕቃ ማን እንደተጫነ አይጠይቅም እኮ። በአየር የሚመጣውን ምልክት ከሰማ ይጮኻል። ፋብሪካው ደግሞ ለሁሉም ያንኑ አንድ ምልክት ሰጥቶ ነው የሚለቃቸው። ግድግዳ አያግደውም። ጎረቤትዎ እንደዚህ ያለ ገዝቷል ማለት ነው።”

በሪሞት የሚከፈተው የግቢ በርም፣ አምፖሉም፣ ማራገቢያውም፣ በተለይ ርካሹ፣ ብዙው እንደዚህ ነው አለኝ። አየር ላይ እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ የሰማ ቀድቶ ሊደግመው ይችላል። አንድ ደንበኛው የራሱን በር በከፈተ ቁጥር የጎረቤቱም በር ይከፈት ነበር። “በሩን ክፍት እየተውክ ነው ብለው ዘበኛውን አባረሩት” አለና ሳቀ።

እኔ ዘበኛውን አሰብኩት። “አልከፈትኩም” ብሎ ይሆናል እሱም።

ከሥር ክዳኑን ከፍቶ ጥቃቅን ማብሪያዎች አሳየኝ። እነሱን በማቀያየር ምልክቱ ይለወጣል። “ክፉ ላሰበና ለሚያውቅ ሰው አጥር አይሆንም። ለጎረቤት ግን ይበቃል። ልቀይርልዎ?”

“ቆየኝ” አልኩት። መጀመሪያ ማን እንደሆነ ልወቅ።

ሚያዝያ 3

ደወሉን ግድግዳው ላይ መልሼ ላይ ቤት ወጣሁ። መምህርቷ በር ላይ ነጭ መጥሪያ ተለጥፏል። ያው ራሱ። ተጫንኩት። ከታች፣ ከሥራ ቤቴ፣ ደወሌ ሲጮህ ሰማሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

እዚያው አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ከሰዓት የሚደውሉት ለጥናት የሚመጡ ተማሪዎቿ ናቸው፤ ቅዳሜም ጠዋት ይመጣሉ። ሾፌሩ የወደቀው ቅዳሜ ነው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ጠዋት ጠዋት ይደወልና ስከፍት ሰው የለም። ተማሪዎቼን ነበር የጠረጠርኩት። አንዷን አባረርኳት፣ እያለቀሰች፣ እየማለችልኝ...”

“አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” አልኳት።

“ለካ ባለቤትዎ ሲጠሩዎት እኔ ነበርኩ በር የምከፍተው” አለች።

ወዲያው ነጠላዋን ደርባ የልጅቷ ቤት ይቅርታ ልትል ሄደች። እኔም እንደሷ በአንድ ቀን የሚያልቅልኝ መሰለኝ...

ሚያዝያ 10

ቤቱ ገባ። ከስቷል። ጠጋኙ መጣ፣ መምህርቷም ወረደች። መጥሪያዋን ከበሩ ነቅላ ይዛው ነበር።

“ተማሪ እጅ አለው፣ ያንኳኳ። ደወሌን ግን አልጥለውም። የሁለታችንን ደወል ከእሳቸው መጥሪያ ጋር አንድ አዲስ ምልክት ያድርግልን። ሲጠሩ አንዳችን ብንወጣ አንዳችን እንሰማለን።”

ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ፣ “ሒሳብ ማለት ይሄ ነው” አለ። አደረገልን።

መጥሪያውን አንገቱ ላይ ላጠልቅለት ስል ሾፌሩ እጄን ያዘኝ። “ይ...ቅር።” ጠረጴዛው ላይ፣ እጁ የሚደርስበት አስቀመጥኩለት።

ሚያዝያ 17

አይጫነውም። ሲጠማው እስክመጣ ይጠብቃል። ከንፈሩ ደርቆ አገኘዋለሁ። “ለምን አልጠራኸኝም?” “ደ...ህና ነኝ።”

እጅጌ ገጥሜ እሮጣለሁ፣ ቁልፍ ተክዬ እሮጣለሁ። የሙሽራዋን ቀሚስ ሌላ ሰው ጨረሰው። ይሂድ። የደወል ዝምታ እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 23

አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ነገርኩት። “ክላክስ የማትነካ ሰው መሆንህን ሌላው ቢረሳ እኔ መርሳት አልነበረብኝም” አልኩት። አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ።

እጁ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ መጥሪያውን ነካ፣ ተመለሰ።

ሚያዝያ 28

ዛሬም ዝም።

ግንቦት 3

ኮሌታ እያዞርኩ፣ መርፌ በአፌ ይዤ... ደወሉ ጮኸ።

አንድ ጫማዬ ግቢው መሀል ቀረ። ከላይም በደረጃው ሌላ ሰው ሲሮጥ ሰማሁ። መምህርቷ ነች፣ ጠመኔ በእጇ። በሩ ላይ ተጋጨን።

ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ምንም አልሆነም። መጥሪያው አንገቱ ላይ ነው፣ በዚያ በአንድ እጁ ራሱ አጥልቆት፤ ገመዱ ጆሮው ላይ ተይዞ ቀርቷል።

“ምን ሆንክ?”

“ም...ንም።”

“አንተ ነህ የደወልከው?”

“ደወልኩ።”

“ምን ፈልገህ?”

ቃሉን ፈለገው። ጠበቅኩት።

“መም...ጣትሽን ለማየት።”

መምህርቷ ቀስ ብላ በሩን ዘግታ ወጣች። መርፌውን ከአፌ አወጣሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ገመዱን ከጆሮው ላይ አነሳሁለት።

“መጣሁ” አልኩት።