መርፌዋን ሰክተው የሚነሡት መሐንዲስ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እትዬ መርፌ» እየተባሉ የሚጠሩት ታላቅ እኅታችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ስፌት ላይ ሳሉ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብሎ በሩ ሲንኳኳ፣ መርፌዋን ያቆሙበት ላይ ሰክተው ይነሡ ነበር፤ ሲመለሱም ከዚያው ይቀጥላሉ። እትዬ መርፌ ይህን እያዩ አደጉ።

በ1979 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቀው የሕክምና መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. መምህር ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሥራቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ማሞቂያ ሣጥን ለሚያዝዘው፣ ጥፍር ለሚያክል ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ለማይክሮኮንትሮለር፣ ፕሮግራም መጻፍ ነበር።

ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዱ የእናታቸውን መርፌ ሳያነሡ አያልፉም። የሙቀት መለኪያው ሲጣራ ማይክሮኮንትሮለሩ ያቆመበትን ቦታና በእጁ የያዘውን ቁጥር ያስቀምጣል፣ ጥሪውን ያስተናግዳል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሊፈጽመው የማይችለው ትእዛዝ ሲገጥመው ግን ችግሩ ከውስጥ ነውና፣ ለዚያው ወደተዘጋጀ ሌላ ትእዛዝ ይዘላል። ይህን የችግር ጊዜ ትእዛዝ እትዬ መርፌ «እዚህ አይደረስም» ብለው ባዶ ትተውት ነበር፤ ማይክሮኮንትሮለሩ እዚያ ከደረሰ ምንም ሳይሠራ ሲሽከረከር ይቀራል።

በ2014 ዓ.ም. መግቢያ አንድ ማለዳ ግን አይደረስም የተባለው ቦታ ተደረሰ። በአንድ ጤና ጣቢያ ሕፃን ተኝቶበት የነበረ ሣጥን ማሞቂያው እንደበራ ቀጥ አለ። ነርሷ ሙቀቱን በእጇ ዳብሳ ሕፃኑን ባታወጣው ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። አለቆች በመብራት መቆራረጥ ሊያሳብቡ ሲሉ፣ እትዬ መርፌ በስብሰባው መካከል ተነሥተው «መብራቱን ተዉት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ሊያስቆማቸው! ባዶውን ቦታ ሞሉት፤ ችግር ሲገጥም ፕሮግራሙ መጀመሪያ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ደወል ያሰማል፣ ከዚያ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ድርጅቱ ያሰራጫቸውን የሠላሳ ስምንቱንም ሣጥኖች ፕሮግራም በየጤና ጣቢያው እየዞሩ በእጃቸው ሊቀይሩ ማሉ። ሠላሳ ሰባተኛውን እንደጨረሱ የጉበት ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው።

የቀረው አንዱ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። በዚያው ሙያ ያለችው ልጃቸው ጥያቸው ለመሄድ አንጀቷ እምቢ ቢላት፣ «ሂጂ፤ ሳትመለሺ የትም አልሄድም» አሏት። ሄደች። ፕሮግራሙን ቀይራ ስልክ ደወለችና፣ ሕፃን ያልተኛበትን ሣጥን ሆን ብላ አሳሳተችው፤ ማሞቂያው ጠፋ፣ ደወሉ ጮኸ። ባለቤታቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዙላቸው። ደወሉን አዳምጠው «ሥራ ጀመረ?» ሲሉ ጠየቁ። ጀምሮ ነበር።

ልጃቸው በማግስቱ ስትመለስ እየጠበቋት ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ እጃቸው በእጇ እንዳለ፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በዚያ ማለዳ የተረፈው ሕፃን ዛሬ በእግሩ ይሄዳል፤ ከእናቱ ጋር እዚሁ ከቤተሰቡ መካከል ተቀምጧል። ድካማቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።